ለቆላ ችግኞች ጉዝጓዝ ይመደብላቸው

ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ደን ልማት

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

የአረንጓዴ አሻራ ታላላቅ የአንድ ቀን ተከላዎች የተካሄዱባቸውን ቀናት እስቲ አንድ ላይ እንያቸው፦ ሐምሌ 22 ቀን 2011፣ ሐምሌ 10 ቀን 2015፣ ነሐሴ 17 ቀን 2016፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.። ለጎጃም፣ ለሸዋና ለጅማ ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ግን ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ወራት ናቸው። ሰማዩ ይዳምናል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ግን አይጥልም። ቦረና ይህን ወቅት አዶሌሳ ይለዋል። ዋናው ዝናባችን ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ አጭሩ ሀጋያ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ኅዳር ላይ ያበቃል። ሐምሌ ላይ ነገሌ የተተከለ ችግኝ እንግዲህ ደህና ዝናብ እስኪያገኝ ሁለት ወር ያህል በደረቅ መሬት ላይ መቆየት አለበት።

የመጀመሪያው ልመናዬ ይኸው ነው፦ የደቡብ ቆላ ከተሞች ተከላ ከጋና መጀመሪያ ጋር ይሁን፤ ችግኝ ጣቢያዎችም ዘር የሚያፈሱበትን ጊዜ በዚያው ልክ ያስቀድሙ።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ጋና ግንቦት ላይ ሲያበቃ ችግኙ ሥሩን ገና አልሰደደም፤ ከፊቱ ደግሞ ረጅም ደረቅ ወራት አሉ። በአህያ ተጭኖ የመጣ አንድ ጀሪካን ውሃ በተራቆተ ቀይ አፈር ላይ ሲፈስ፣ አብዛኛው ሥሩ ዘንድ ሳይደርስ ፀሐይ ትወስደዋለች፤ የላዩም አፈር ይጋገርና ቀጣዩን ውሃ ወደ ጎን ይገፋል። አፈሩ ጉዝጓዝ ከለበሰ ግን ትነቱ ይቀንሳል፣ የቀኑ ግለት ወደ ሥሩ አይዘልቅም፣ ውሃ የሚሻማ አረምም አይበዛም። ውሃ በሩቅ በሚቀዳበት አገር ይህ የችግኝ መሞትና መኖር ጉዳይ ነው።

ጥያቄው በምን እንጎዝጉዝ የሚለው ነው። ደጋ ላይ የተለመደው ገለባና ሣር ነው። እዚህ ሣር የከብት ሕይወት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ መንጋው እንዴት እንዳለቀ ሁላችንም አይተናል። ያንን ያየ አርብቶ አደር ሣር አጭዶ ከዛፍ ሥር እንዲያነጥፍ መጠየቅ ነውር ነው፤ ቢያነጥፍም ፍየሎቹ ይበሉታል፣ የቀረውን ምስጥ ይጨርሰዋል። በያቤሎና በዱብሉቅ መንገድ ዳር የቆሙትን ኩይሳዎች ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ድንጋይ አለን። ምስጥ አይበላውም፣ ነፋስ አያነሳውም፣ ለዓመታት መታደስ አያስፈልገውም። በችግኙ ዙሪያ በደንብ የተደረደረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል፣ የዝናቡንም ውሃ በየመሐሉ ወደ ታች ያሰርጋል። ሁለተኛው ሀብታችን ግጦሹን የወረረው እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። በደርግ ዘመን ሜዳውን ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ እየበዛ መጣ፤ ዛሬ በየቦታው ይመነጠራል። ቦረና ለጥጆች የሚከልለውን ካሎ የሚያጥረው በዚሁ እሾህ ነው። ደቃቅ ጭራሮውና ቅጠሉ ተከታትፎ ለጉዝጓዝ፣ ወፍራሙ ቅርንጫፍ ደግሞ ከላይ ለፍየል መከላከያ ሊውል ይችላል። ምንጣሮው ግን የአገር ሽማግሌዎች በፈቀዱት ቦታና ዓይነት ብቻ ይሁን፤ ለከሰል ንግድ በር መክፈቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሬቱ ከራሰ በኋላ፣ ከግንዱ አንድ መዳፍ ያህል ርቆ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ዙሪያውን ይጎዝጎዝ፤ ጭራሮና ቅጠል ከሆነ ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ግንዱን ከነካ ልጡ ይበሰብሳል፣ ለምስጥም መንገድ ይሆናል። ይህ ሥራ ጉልበት እንጂ ባለሙያ አይፈልግም። ስለዚህ ለጉድጓድ ቁፋሮ እንደሚመደበው ሁሉ ለጉዝጓዝም የሰው ኃይል ይመደብ፤ በሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራዎች ውስጥም ይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር። የትም ይተከል ማለቴ አይደለም። ከነገሌ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የሊበን ሜዳ የሣር አገር ነው፤ በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ፣ የሊበን ላርክ፣ እዚያ ትኖራለች። እሷን የሚያጠፋት የሜዳው መታረስና በቁጥቋጦ መዋጥ ነው። ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቅር። ዛፉን ለከተማው መንገዶች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለጤና ጣቢያዎች ግቢ፣ ለገበያው ዳርቻ ስጡልን።

በመጨረሻም ስለ ቆጠራው። የተተከለው ቁጥር በተከላው ዕለት ማታ ይነገራል። የደቡብ ቆላ ከተሞች ሪፖርት ግን በየካቲት፣ ከጋና በፊት ባለው የደረቅ ወቅት ማብቂያ ይዘጋጅ፤ በሕይወት ያለው ችግኝ ብቻ ይቆጠር፣ የተጎዘጎዘውና ያልተጎዘጎዘውም ለየብቻ ይመዝገብ። መዝገቡም በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከነገሌ ቦረና ነዋሪዎች አንዱ