ዓሣው ከመግባቱ አስቀድሞ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ከተማ በሥራ ላይ የሚገኝ አንድ ወዳጃችን፣ ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት ቆጥቦ፣ በቤቱ ውስጥ የባሕር አኳሪየም ለማቆም አሰበ። አሳቡ የሚያስመሰግን ነበር። ዳሩ ግን ዓርብ ጧት ገበያ ወጥቶ 200 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ፣ አንድ ከረጢት የባሕር ጨው፣ አሸዋ፣ መብራትና ሰባት ዓሦች በአንድ መኪና ጭኖ ተመለሰ። በዚያው ምሽት ገንዳው ሞልቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ዓሦቹ ወዲያና ወዲህ ሲሉ እንግዶች ጠርቶ አሳየ። በ10ኛው ቀን ከሰባቱ የቀሩት ሁለት ነበሩ። ሻጩን ሄዶ ቢጠይቀው፣ የተሰጠው መልስ ሌላ ዓሣ ግዛ የሚል ነበር።

በወዳጃችን ለመሳለቅ አላነሣነውም፤ እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ ባደረግን ነበር። ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነበረና። ነገር ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ለሕይወት የተዘጋጀ ውሃ አይደለም። ዓሣ ሲተነፍስ ከስንጥቡ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል፤ የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ ያንኑ መርዝ ይጨምራል። ይህ መርዝ በሰፊው ባሕር ውስጥ ወዲያው ይበተናል፤ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ከዚህ ጥፋት የሚያድኑት በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራቡ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሁለተኞቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት መጠኑ ካልበዛ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ውሃ በመለወጥም ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ወዳጃችን ሠራተኛ ሳይቀጥር ፋብሪካ የከፈተ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ለሰው ልጅ ከባድ ትምህርት ሆኖ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አና ታይን የተባሉ እንግሊዛዊት ወይዘሮ፣ ቶርኪ ከተባለው የባሕር ዳር ከተማ የኮራል ወገን የሆኑ ጥቂት ፍጡራን አግኝተው ወደ ሎንዶን ይዘው ሄዱ። ፓምፕም ሆነ የቤት ኤሌክትሪክ በሌለበት በዚያ ዘመን፣ የቤት ሠራተኛቸው በየቀኑ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያህል በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባበት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወይዘሮዋ የባሕር ሣር ጨመሩበት፤ ኮራሎቹም ሦስት ዓመት ያህል ኖሩ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚደንቀን የዚያች ሠራተኛ ክንድ ነው። በ1853 የሎንዶን የእንስሳት መጠበቂያ የዓሦች ቤት ለሕዝብ ከፈተ። በሚከተለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን መጽሐፉን ቢያሳትም፣ የመስተዋት ገንዳ በየሳሎኑ ታየ። ሪፍ የሚባለውን የሞቃት ባሕር የኮራል አለት በቤት ውስጥ ለማኖር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የኢንዶኔዥያ ሰው በ1961 የራሱን ዘዴ በመጽሔት ገለጸ። ይኸውም ከነባክቴሪያውና ከነትሉ ከባሕር የወጣ «ሕያው ድንጋይ» በገንዳው ውስጥ ማኖርና ውሃውን በአየር ማንቀሳቀስ ነበር። የዛሬው አኳሪየም ከዚህ አሳብ ብዙ አልራቀም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀለኛል ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በትንሽ ውሃ ውስጥ አንድ የሞተ ቀንድ አውጣ እንኳ ሁሉን ሊመርዝ ይችላል፤ በ200 ሊትር ውስጥ ግን ስሕተት ቀስ ብሎ ስለሚገለጥ ማረሚያ ጊዜ አለ። ሆኖም 200 ሊትር ውሃ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ አይሸከመውም። ድንጋዩ አሸዋው ሳይፈስ በፊት በገንዳው ወለል ላይ በደንብ ይደላደል፤ አሸዋ የሚቆፍር ዓሣ ድንጋዩን ንዶ መስተዋቱን ሊሰብር ይችላልና። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ አንዳንድ ጊዜም መዳብ ስለሚኖርበት፣ በልዩ ማጣሪያ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ጨው በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ነው፤ ሙቀቱም ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው።

እጅግ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ውሃው በየቀኑ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው፣ ወሩ ሳያልቅ ገንዳውን ወደ ብሬን ይለውጠዋል። የተነነውን የሚተካው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የውሃውን ፊት የሚያናውጠው ፓምፕ በርታ ያለ መሆን አለበት፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢዘጋጅ የብዙ ነፍስ መዳኛ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ከወጥ ቤት አንድ ቁራጭ ሽሪምፕ ባዶው ገንዳ ውስጥ ይጣላል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ ባክቴሪያውም ያንን እየበላ ይራባል። ባለቤቱ በመለኪያ ጠብታ አሞኒያው ሲወጣና ሲወርድ፣ ናይትራይቱም ተከትሎ ሲወጣና ሲወርድ በደብተር ይጽፋል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ቀድሞ ለዚህ ሥራ ዳምዝል የተባለ ጠንካራ ዓሣ ማስገባት የተለመደ ነበር። በሕይወት ቢተርፍም ስንጥቡ በመርዙ ተቃጥሎ ነው። አንድ ቁራጭ ሽሪምፕ በሚሠራው ሥራ ሕያው ፍጡር ማሠቃየት ዛሬ ምክንያት የለውም ብለን እናምናለን። ከዚህ ቀጥሎ አሸዋው ቡናማ ይሆናል፤ ድንጋዩም አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ግን ያልፋል። ሣር የሚግጡት ቀንድ አውጣዎች የሚገቡትም ያን ጊዜ ነው።

ኮራል ድንጋይ የሚመስል እንስሳ ነው። አብዛኞቹ የሪፍ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌ ያኖራሉ፤ አልጌው በብርሃን ምግብ ሠርቶ ለባለቤቱ ያካፍላል። የመብራቱ ዋጋ ከገንዳው የሚበልጥበትም ምክንያት ይህ ነው። ለጀማሪ የሚስማሙት አጥንት የሌላቸው ለስላሳዎቹ ናቸው፤ አክሮፖራ የተባለውን ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ግን ገንዳው አንድ ዓመት ያህል ሳይሞላው ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ከለስላሳዎቹ መካከል ዞአንቲድ የሚባሉት አበባ የሚመስሉ ፍጡራን አሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስላለባቸው ያለ ጓንት አይነኩም፤ የበቀሉበትንም ድንጋይ በፈላ ውሃ ለማጠብ የሞከሩ ሰዎች በእንፋሎቱ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል።

ዓሣ ሲገዛ አስቀድሞ በሌላ ትንሽ ገንዳ ለብቻው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መቆየት አለበት። በሽታ ቢገኝበት በመዳብ መድኃኒት ይታከማል፤ ያው መዳብ በዋናው ገንዳ ውስጥ ቢፈስ ግን ኮራሉንና ቀንድ አውጣውን ይፈጃል።

ለወጣቱ ባለ ደመወዝ በይበልጥ ልናሳስብ የምንወደው ግን ዓሣው ከየት እንደ መጣ መጠየቅን ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ ዓሣን በሲያናይድ አደንዝዞ መያዝ ተለምዷል፤ መርዙ የተረጨበት ኮራል ይሞታል፤ የተያዘውም ዓሣ ብዙ ጊዜ በገዢው ቤት ይሞታል። የተፈጥሮ መኖሪያው ባንጋይ በተባሉት የኢንዶኔዥያ ደሴቶች አጠገብ ብቻ የሆነ፣ ወንዱ እንቁላሉን በአፉ የሚያቅፍ አንድ ውብ ዓሣ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለአኳሪየም ገበያ በገፍ ስለ ተጠመደ፣ በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጡራን መዝገብ ገብቷል። በአንጻሩ ክላውን ፊሽ የሚባለው ባለ ነጭ መቀነት ዓሣ ዛሬ በሰው እጅ ይራባል፤ በደንብ ከተያዘም ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። ኮራልም እንደ ባሕር ዛፍ ባይሆንም እንደ ጽጌረዳ ቅርንጫፉ ተቆርጦ፣ በሌላ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ያድጋል፤ አንዱ ባለቤት ለሌላው ይሰጠዋል።

ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንጨምር። የቀይ ባሕሩን ክላውን ፊሽ በ1830 ለሳይንስ ያስታወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ይኸው ሰው በኋላ ወደ አገራችን ገብቶ እስከ ጎንደር ተጉዟል፤ የስሜንን ጭላዳ ዝንጀሮም በ1835 በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባው እርሱ ነው።

ወዳጃችን ገንዳውን አጥቦ እንደገና ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሰባት ሳምንት ሙሉ ድንጋይና ውሃ ብቻ ሲመለከት ቆየ፤ እንግዶቹም ዓሣው የታለ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በ8ኛው ሳምንት በእርባታ ከተገኙ፣ በትንሹም ገንዳ ተጠብቀው ከቆዩ ሁለት ክላውን ፊሽ በቀር ምንም አላስገባም። በየሳምንቱ ዓርብ 20 ሊትር ውሃ ይለውጣል፤ መለኪያውን አይቶ በደብተሩ ይጽፋል። ሦስተኛ ዓሣ ለመግዛት ገና አልቸኮለም።