ቀበሮን ከሩቅ ለመምታት፦ ጥይቱ የሚደርስበት ርቀትና ዓይን የሚለይበት ርቀት

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ቀበሮ የበግ አርቢው የቆየ ባላንጣ ነው። በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ በግ ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ እንደ ቁጠባ ነው። ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ገንዘብ ሲያስፈልግ ወደ ገበያ የሚነዳው እሱ ነው። በበዓል ሰሞን የጎንደር ከተማ ገበያም የደጋውን በግ ይጠብቃል። በመሆኑም አንድ ግልገል በቀበሮ ሲወሰድ ቤተሰቡ የሚያጣው ከአንድ ግልገል በላይ ነው።

አርሶ አደሩ «ቀበሮን ከሩቅ የሚያስቀር ቀለል ያለ ጠመንጃ የትኛው ነው? ስንት ሜትርስ ይመታል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስገርም አይደለም። ጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ይሁን እንጂ መልሱ ከሜትር በላይ ይሄዳል። በሰሜን ተራሮች ዙሪያ የሚታየው ቀበሮ ሁሉ አንድ ዓይነት ባለመሆኑ፣ ስህተቱ ሀገር የማትተካውን እንስሳ ሊያሳጣ፣ ተኳሹንም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ጥይት የሚሄድበትና የሚገድልበት ርቀት

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጥይቱ ወድቆ እስኪቀር የሚጓዘው ርቀት ነው። ሁለተኛው ውጤታማ የሚባለው ርቀት ሲሆን፣ ተኳሹ ጥይቱን በእንስሳው ልብና ሳንባ ላይ ማሳረፍ የሚችልበት፣ ጥይቱም ወዲያው ለመግደል በቂ ኃይል የሚኖረው ርቀት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው ትንሽ ካሊበር ጠመንጃ ነጥብ 22 የሚባለው ነው። የጥይቱ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሱ ክብደት 2.6 ግራም ያህል ነው። ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ330 እስከ 380 ሜትር ገደማ ነው። ጠመንጃው በ50 ሜትር ላይ ተስተካክሎ ሳለ 100 ሜትር ላይ ወዳለ ዒላማ ቢተኮስ፣ ጥይቱ ከታለመበት ቦታ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። መጠነኛ የጎን ነፋስ ካለ ደግሞ በርካታ ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይገፋዋል። የቀበሮ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይሰፋም። ስለዚህ ደረቱ የታለመ ቀበሮ እግሩን ወይም ሆዱን ተመትቶ ይሄዳል። በውጭ ሀገር ልምድ ያላቸው አዳኞችም በዚህ ጠመንጃ ቀበሮን ከ50 ሜትር ብዙም ርቀው አይተኩሱም።

ቀበሮ በብዛት በሚገኝባት እንግሊዝ ገበሬዎች ለዚህ ሥራ የሚመርጡት ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ ባሩዱ እጅግ የሚበልጠውን ነጥብ 223 የተባለ ጥይት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ900 ሜትር በላይ ነው። በእጁ ጥሩ መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ የያዘና ልምምድ ያለው ሰው እስከ 200 ሜትርና ከዚያም ጥቂት በላይ ቀበሮን ወዲያው ሊገድልበት ይችላል። በዚያ ሀገር ግን ቀበሮው ቁጥሩ ብዙ የሆነ ዝርያ ነው። ተኳሹም ከዒላማው ጀርባ ጥይቱን የሚውጥ አፈር መኖሩን ሳያረጋግጥ እንዳይተኩስ ይመከራል።

በእኛ ደጋ አርሶ አደሩ የሚያውቀው ጠመንጃ ከዚህ የተለየ ነው። ክላሽ፣ ሲሞኖፍ፣ ምንሽርና ሌሎችም የቆዩ መሣሪያዎች የተሠሩት ለጦር ሜዳ ነው። ክላሽ በነጠላ ተኩስ ውጤታማ የሚባለው እስከ 400 ሜትር ነው፤ ይህ ስሌት ግን ቆሞ የሚታይን ሰው የሚያህል ዒላማ ታሳቢ ያደረገ ነው። ቀበሮን ለሚያህል ትንሽና ተንቀሳቃሽ እንስሳ፣ ያለ መነጽር ሲተኮስ፣ ርቀቱ በእጅጉ ያጥራል።

ያመለጠ ጥይት የት ይወድቃል?

ቀበሮን የሳተ ጥይት ወዲያው መሬት አይወድቅም። የነጥብ 22 ጥይት እንኳ ወደ ላይ አዘንብሎ ከተተኮሰ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊጓዝ ይችላል። የክላሽ ጥይት ደግሞ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር ድረስም ሰው የመግደል ኃይል አለው።

የሰሜን ተራሮች አቀማመጥ ይህን አደጋ ያባብሰዋል። በ3 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 30 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ጥይትን የሚገታው ኃይል ይቀንሳል። ወደ ዳገትም ሆነ ወደ ገደል ሲተኮስ ጥይቱ ከታለመው ቦታ ከፍ ብሎ ያልፋል። ሸንተረር ላይ የቆመ ቀበሮ ከጀርባው ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ከሸንተረሩ ማዶ መንደር፣ እረኛ ወይም ከብት ሊኖር እንደሚችል የአካባቢው ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

የትኛው ቀበሮ ነው?

ከጥይቱ ርቀት ሌላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሦስተኛ ርቀት አለ፤ ዓይን እንስሳውን ለይቶ የሚያውቅበት ርቀት ነው። በደጋው የሚታዩት የቀበሮ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በመንደር አካባቢ፣ በተለይም አመሻሽና ሌሊት የሚዘዋወረው ተራ ቀበሮ ነው። ቀለሙ ወደ ግራጫና ቢጫ ያደላል፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ጸጉር ይቀላቀልበታል። ግልገል በመውሰድ ይበልጥ የሚታወቀው ይህ ነው።

ሁለተኛው ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ነው። መልኩ ደማቅ ቀይ ሲሆን ጉሮሮው፣ ደረቱና የእግሮቹ ውስጠኛ ክፍል ነጭ ነው። እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሾጠጥ ያለ ነው። የጭራው ሥር ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር ነው። በአብዛኛው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው የጓሳና የጅብራ ምድር በቀን ሲያድን ይታያል። የሳይንስ ስሙም የተወሰደው ከሰሜን ተራሮች ነው። በመላ ሀገሪቱ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ገደማ ይገመታሉ። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው፤ በሰሜን ተራሮች ያሉት ከ100 ያነሱ ናቸው።

ጎህ ሲቀድ ወይም ጉም በወረደበት ሰዓት፣ 100 ሜትር ላይ የሚሮጥን እንስሳ ነጭ ጉሮሮውንና የጭራውን ቀለም አይቶ መለየት እጅግ ያስቸግራል። እንግዲህ ሦስቱ ርቀቶች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ጥይቱ ከኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በትንሽ ጠመንጃ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚገድለው 50 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዓይንም በዚያ ብርሃን በእርግጠኝነት የሚለየው ከዚያ ብዙም አይርቅም። 50 ሜትር ላይ ያለን ቀበሮ ለማባረር ደግሞ የእረኛ ጩኸት፣ ጅራፍና ወንጭፍ ይበቃል።

ሕጉና የአርሶ አደሩ ጥቅም

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የሚመራ አድርጎታል። ቀይ ቀበሮን የገደለ ሰው «ተራ ቀበሮ መስሎኝ ነው» ብሎ በቀላሉ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ቀይ ቀበሮ ለአርሶ አደሩም ይጠቅማል። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። በደጋው የገብስ ማሳ ላይ አይጥ የሚያደርሰው ጉዳት ለማንም አርሶ አደር የተሰወረ አይደለም። አልፎ አልፎ ግልገል ሊወስድ ቢችልም፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ አይጥ የሚያድን እንስሳ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው አንዷ ዋና ሴት ብቻ፣ ያውም በዓመት አንዴ ስለምትወልድ፣ የአንዷ ሞት የመንጋውን የዓመት ውላጅ ሊያስቀር ይችላል።

በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ እግሩ በጥይት ተሰብሮ ተገኝቶ ነበር። የፓርኩና የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ባለሙያዎች ለ50 ቀናት ገደማ አክመውት፣ «ተረፈ» የሚል ስም አግኝቶ ወደ ተራራው ተመልሷል። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ግን ከስንት አንዱ ነው። ቆስሎ ገደል ውስጥ የሚሞተውን የሚያገኘው የለም።

በጉን የሚያድነው ምንድን ነው?

ቀበሮ ግልገል የሚወስደው በአብዛኛው መንጋው ያለ ጠባቂ ሲሆን፣ ግልገሎች ከመንጋው ኋላ ሲቀሩና ጉረኖው ክፍተት ሲኖረው ነው። ግልገሎችን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቤት አቅራቢያ ማቆየት፣ መንጋውን ሳይመሽ ማስገባት፣ የጉረኖውን ካብ ከፍ አድርጎ ከላዩ እሾህ መደልደል፣ እረኝነቱን ለትንሽ ልጅ ብቻ አለመተው ከጥይት ዋጋ ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። የሞተ ከብት ሥጋ በመንደር ዳር መጣልም ተራ ቀበሮንና ጅብን ወደ በጉ መጥራት ነው።

ውሻ በጉን ይጠብቃል፤ ካልተከተበ ግን ጠንቅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ እየተሻገረ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ይኸው በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ሰው የማይፈራ፣ ምራቁን የሚያዝረከርክ ወይም የሚንገዳገድ ቀበሮ ሲታይ ሳይጠጉና ሳይነኩ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለፓርኩ ስካውት ማሳወቅ ተገቢ ነው።

የወረዳ አመራሩ ድርሻም ከመከልከል ያለፈ ነው። ግልገሉ የተበላበት አርሶ አደር «አትተኩስ» ብቻ ተብሎ ከተሸኘ ሌሊት መተኮሱ አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀበሌ ጉዳቱን በቀን፣ በሰዓት፣ በቦታና በእንስሳው ዓይነት ቢመዘግብ፣ በግ የሚወስደው የትኛው እንደሆነ፣ ጥበቃው የላላውም የት እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የውሻ ክትባትን ከከብት ክትባት ዘመቻ ጋር ቢያቀናጁ፣ ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ጋር ቢሠሩ ወጪውም ድካሙም ይቀንሳል።

የቀይ ቀበሮ መውለጃ ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ገብስ የሚታጨድበትና አይጥ ወደ ክምር የሚገባበት ጊዜም ይኸው ነው። በየቀበሌው ስለ ቀበሮ የሚደረገው ውይይትም ሆነ የጉረኖ ጥገናው ከመስከረም ሳያልፍ ቢጠናቀቅ፣ አርሶ አደሩ በጉንም አይጥ አዳኙንም ይዞ ወደ አጨዳው ይገባል።