አፋኙ እግርህ ሥር ነው

ከደጀን በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚወጣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሬዲዮ ልስማ ያለ ሰው፣ ከዜናው ይልቅ ጩኸት ይሰማል። ሾፌሩም ረዳቱም መልስ አላቸው፤ «አፈኑት!»

ሐሜቱ ከመሬት አልተነሣም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መሣሪያው ሲሟላ ቪኦኤ እንዲታፈን መመሪያ እንደሚሰጡ በአደባባይ ተናግረዋል። ግን ወዳጄ፣ ኢንቨርተሩን ስታጠፋው ጩኸቱም አብሮ ከጠፋ፣ አፋኙ እግርህ ሥር ነው ያለው!

የባትሪውን 24 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ይህ ዕቃ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው የሚሠራው። ርካሹ ማጣሪያ ስለሌለው ያ መቆራረጥ በሽቦው ወጥቶ አጭርና መካከለኛ ሞገድን ይበክላል። ባለሙያ ተብዬው ደግሞ ሽቦውን ከሲጋራ መለኮሻው መስመር ጋር ጠምዝዞ «ይሠራል እኮ!» ይልና ሒሳቡን ይቀበላል። 500 ዋት ከ20 አምፔር በላይ እንደሚስብ ማን ይንገረው? ይሄ ከጩኸትም አልፎ እሳት ነው።

መፍትሔው ተአምር አይደለም። ወፍራምና አጭር ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው፣ ፊውዙ እዚያው ባትሪው አጠገብ፣ በሽቦው ላይ የፌራይት ቀለበት፣ ኢንቨርተሩ ከአንቴናው ራቅ ብሎ።

መንግሥትን የምንጠይቅበት ሞልቶናል። የራሳችንን ጩኸት ሁሉ ለእሱ ከሰጠን ግን፣ እውነተኛው አፈና የመጣ ቀን ማን ያምነናል?