መኪና የምንገዛው ለጎረቤት ዓይን ነው ወይስ ለሥራ?

ዙሪያችሁን ልብ ብላችሁ እዩ። ባለሱቁም፣ ዳቦ ጋጋሪዋም፣ የበርበሬ ነጋዴውም ገንዘብ ሲሞላላቸው የሚገዙት ዝቅ ያለች አውቶሞቢል ነው። በማግስቱ የኋላ ወንበሯ ላይ ዘይትና ዱቄት ይከመራል። አልበቃ ሲል ደግሞ ለአይሱዙ ኪራይ ይከፈላል። መኪና እያላቸው መኪና ይከራያሉ!

ሒሳቡ ቀላል ነው። አምራቹ ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የመኪናውን ባዶ ክብደት ቀንሱ፤ የቀረው ሰውም ዕቃም ተደምሮ የሚሸከመው ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ላይ ይህ 400 ኪሎ ገደማ ነው። ሹፌርና ረዳት ሲቀነሱ ሦስት ኩንታል አይሞላም። ከዚያ በላይ የጫነ ሰው ዋጋውን በሞላ፣ በጎማና በፍሬን ይከፍላል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ በነፍሱ።

«የእኔ ኤሌክትሪክ ነው፣ ትልቅም ነው» የሚል አለ። የትልቅ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብቻውን ከ300 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ የመኪናው ግዝፈት የመጫን አቅሙን አይነግራችሁም። ጭነትና ዳገት ሲደራረቡ ደግሞ ቻርጁ ሻጩ የነገራችሁን ያህል አያስኬድም።

ጃፓኖችን እዩ። «ኬይ» የሚሏት የጭነት መኪና ሞተሯ ከ660 ሲሲ፣ ርዝመቷ ከ3.4 ሜትር አይበልጥም። ግን ከሁለት ሰው ሌላ 350 ኪሎ እንድትጭን ተፈቅዶላታል። ገበሬው በእሷ ያርሳል ባይባልም በእሷ ያድራል፤ ማንም «ክብሬ ተነካ» አይልም።

«ሚኒቫን ለቤተሰብ አይሆንም» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት አለው። አፍንጫ የሌላቸው፣ ኤርባግ የሌላቸው ርካሽ ሚኒቫኖች በግጭት ጊዜ የፊት ተሳፋሪውን እግር አይምሩም። መልሱ ግን ወደ አውቶሞቢል መሸሽ አይደለም። ቦኔት ያላት፣ የኋላ ወንበሯ ተጣጥፎ ወለሉ ሜዳ የሚሆን፣ የኋላ በሯ ሰፊ የሆነች መኪና መፈለግ ነው። ጠዋት ልጆች፣ ከሰዓት ጆንያ።

መንግሥትም ድርሻ አለበት። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። አየሩም ምንዛሬውም ይታሰብ፤ እስማማለሁ። ግን ሕጉ «አሮጌ ነው? ነዳጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ምን ይሠራል?» ብሎም ይጠይቅ። ለሠርግ አጀብ የሚገባው ቅንጡ መኪናና የእናት ጓዳ የሚያስተዳድረው ትንሽ ጫኝ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም። ሰሌዳውም «የግል» እና «የንግድ» ብሎ ይከፍላል፤ የባለሱቅ ኑሮ ግን እንዲያ ተከፍሎ አያድርም።

ስለዚህ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በሩን ለኩ፣ ወንበሩን አጥፉ፣ ክብደቱን ጠይቁ። ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋት ሲያወራላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱለት፦ «ስንት ኩንታል?»