አዲሱ አድራሻ ይከፈት፤ አሮጌው ግን አይቆረጥ

«ድረ ገጾችን በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ብናሠራ ምን ይለናል?» የሚል ክርክር በመካከላችን ይሰማል። በበኩሌ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ችኮላ ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ የቁጥር አድራሻ ያሻዋል። አይፒ 4 የተባለው አሮጌው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ የያዘው 4.3 ቢሊዮን ያህል አድራሻ ነበር። የዓለም ማዕከላዊ ክምችት በ2011 ተሟጠጠ። ለአፍሪካ አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክም በ2020 ለአንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ እንዳይሰጥ ገደብ አበጀ። ቀድመው የመጡት ጠግበው ሲነሡ እኛ ገበታው ላይ ደረስን ማለት ነው።

ታዲያ የሞባይል ኔትዎርኮች ምን ያደርጋሉ? ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያጭቃሉ። ጣጣው የሚታየው የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት ነው። ከአንድ አድራሻ ጥያቄ ሲጎርፍበት ድረ ገጹ «አጥቂ መጣብኝ» ብሎ በሩን ሊዘጋ ይችላል። ሞጣ ያለው ሲያጣድፍ ቢቸና ያለው ይቀጣል!

ይህን የመሰለ ብልሃት የሞጣ ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ይሻገር ነበር። (ወሬው ደስ ይላል፤ መጎተቱ ግን ሌላ ነው።) እ.ኤ.አ. በ2002 ስባሪው በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ በ2009 አዲስ ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ።

አይፒ 6ም እንዲሁ አዲስ ድልድይ ነው፤ የአድራሻው ብዛት በ39 አኃዝ የሚጻፍ። ኪራዩም ይረክሳል፤ አማዞን ከ2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ያስከፍላል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ደንቦች በቀጥታ አይግባቡም። አሮጌው አድራሻ ብቻ የደረሰው ስልክ በአዲሱ ብቻ የሚሠራን ድረ ገጽ በራሱ አይከፍትም። ጥቂት ብር አተርፍ ብሎ ሠልጣኙን ከወንዙ ማዶ ማስቀረት ምን ይሉታል?

ደግሞም መላ አለው። ሰርቨሮቹ በአዲሱ አድራሻ ይሥሩ፤ ከፊታቸው አንድ አሮጌ አድራሻ ያለው በረኛ ሰርቨር ይቁም። ብዙ ድረ ገጾች በስማቸው እየተለዩ ያችኑ አንዲት አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ። ድረ ገጽ የሚያሠራ ተቋም ይህን ውል ሳይፈርም ይጠይቅ። ሲያልቅም ፍተሻው በቢሮ ኮምፒውተር ብቻ አይቅር፤ በሠልጣኞች ስልክም ይሞከር።