የሳንባ በሽታዎች የዘረመል ምርምርና የድህረ ዶክትሬት ዕድሎች፦ ናሙናው ከዚህ፣ ትንተናው ከወዴት?

ከዶክትሬት ዲግሪ በኋላ የሚገኝ የምርምር ዕድል በበርካታ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ እንደ ተጨማሪ ትምህርት ሲቆጠር ይስተዋላል። ይሁንና ድህረ ዶክትሬት ዲግሪ የሚያስገኝ ትምህርት አይደለም። ተመራማሪው ለተወሰኑ ዓመታት ደመወዝ እየተከፈለው በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የራሱን የምርምር ጥያቄ የሚያበስልበት የሥራ ዘመን ነው። ልዩነቱ የስያሜ ብቻ አይደለም። የሕይወት ሳይንስን ከኮምፒውተር ስሌት ጋር ባጣመረው የኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ ዘርፍ፣ በተለይም የሳንባ በሽታዎችን ዘረመል በሚመረምረው ክፍል፣ ከአንድ አገር ሕሙማን የተወሰደ ናሙና በማን እንደሚተነተንና ውጤቱ በማን ስም እንደሚታተም በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ለዚህ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ከኢትዮጵያ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለኅትመት የበቃ ጥናት በወልዲያና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች መካከል ቀደም ሲል ከታወቁት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የዘር ሐረጎች ጋር የማይገጥም ሐረግ መኖሩን ይፋ አድርጓል። በአሁኑ ወቅት 7ኛው የዘር ሐረግ እየተባለ የሚጠራው ይህ ባክቴሪያ የተገኘው በአመዛኙ በኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ በሄዱ ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአማራ ክልል በዚህ ሐረግ የተያዙ ሕሙማን ወደ ሕክምና ተቋም ለመሄድ ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚዘገዩ አመልክቷል። የዚህ ግኝት ትርጉም ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊም ቢሆን የተሰወረ አይደለም። ሕመምተኛው ዘግይቶ በመጣ ቁጥር በሽታው በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ባክቴሪያውን ከአክታ ማሳደግ፣ ዘረመሉን ማውጣትና በመሣሪያ ማንበብ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሙሉ በሙሉ የተነበበው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጂኖም 4 ነጥብ 4 ሚሊዮን ያህል ፊደላትና ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ዘረመሎች አሉት። ከመሣሪያው የሚወጣው ግን በሚሊዮን የሚቆጠር የተቆራረጠ ንባብ ነው። ቁርጥራጩን መልሶ መግጠም፣ የፊደል ለውጡን ከመሣሪያው ስሕተት መለየት፣ የትኛው ለውጥ መድኃኒትን እንደሚያከሽፍ ማወቅ የስሌት ባለሙያው ድርሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መድኃኒት የሚያላምዱ የዘረመል ለውጦች ዝርዝር ከ38 ሺህ በላይ፣ በ2023 የታተመው 2ኛ እትሙ ደግሞ ከ52 ሺህ በላይ የባክቴሪያ ናሙናዎችን መሠረት ያደረገ ነበር። ይህን መሰል ዝርዝር ትክክለኛነቱ የሚለካው በውስጡ በተካተቱት አገሮች ስብጥር መሆኑን ልብ ይሏል።

ጉዳዩ በሳንባ ነቀርሳ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ የ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት እንደቀጠፈ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዙ 82 የጂኖም ሥፍራዎችን ለይቷል። የጥናቱ ተሳታፊዎች ግን በአመዛኙ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ በዘርፉ ቀዳሚ ትኩረት የተሰጠው መንስኤም የሲጋራ ጭስ ነው። ሲጋራ አፏ ዘንድ ደርሶ የማያውቅ፣ ዕድሜዋን በሙሉ በማገዶና በኩበት ጭስ ስታበስል የኖረች እናት ሳንባ ስለሚደርስበት ጉዳት ይህ ውጤት የሚናገረው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3 ሺህ 530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ነዋሪዎች የደም ሂሞግሎቢንና የኦክስጂን መጠን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። ከቲቤትና ከአንዲስ ነዋሪዎች የተለየው ይህ ሁኔታ በዘረመል ደረጃ ገና ተብራርቶ አላለቀም። ለጀማሪ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በቀላሉ አይገኝም።

ዕድሉ በውጭ ምን ይመስላል? በአሜሪካ በርካታ ተቋማት ለድህረ ዶክትሬት ተመራማሪ የሚከፍሉትን የሚተምኑት የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በሚያወጡት ስኬል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የመነሻው ክፍያ በዓመት 61 ሺህ 8 ዶላር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶፍስካ ኩሪ የድህረ ዶክትሬት ድጋፍም ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። በአፍሪካ በአሜሪካ የጤና ተቋማትና በብሪታንያው ዌልካም ትረስት እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው የአፍሪካ የጂኖም ምርምር ውጥን በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በሚመራ መረብ አማካይነት በርካታ ወጣት ባለሙያዎችን ካሠለጠነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጠናቋል። ከዚህም በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ለውጭ ተቋማት በንዑስ ውል የሚተላለፍ አዲስ የምርምር ገንዘብ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ እንደማይሰጡ አስታወቁ። በአንድ ለጋሽ ላይ የተንጠለጠለ የምርምር ዕቅድ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ይህ ውሳኔ አሳይቷል።

በአገር ውስጥ መነሻ የሚሆን አቅም የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1970 በአለርት ሆስፒታል ግቢ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ምርምር የካበተ ልምድ አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤናና የዘረመል መረጃ ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግለት የሚያስችል የሕግ መሠረት ሆኗል። የሚጎድለው በአብዛኛው ተራ የሚመስል የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ዲግሪ ካላስገኘ የትምህርት ፈቃድ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት ለድህረ ዶክትሬት የሚሄደውን ባለሙያ ምርጫ ያሳጣዋል፤ ባለሙያው ወይ ዕድሉን ይተወዋል፣ ወይ ሥራውን ይለቃል። ሥራውን የለቀቀውን ደግሞ መልሶ የሚጠራ ውል የለም።

አዋጪ የሚመስለው መንገድ ቅጥሩ በአገር ውስጥ ተቋም ሆኖ የሁለት ዓመቱ ጊዜ ከፊሉ በውጭ ቤተ ሙከራ እንዲያልፍ የሚደነግግ የጋራ ውል ነው። ናሙናው ከአገር ሲወጣ የመረጃው ሙሉ ቅጂ በአገር ውስጥ ሰርቨር እንዲቀመጥ፣ ተመራማሪው በትንተናው ቀዳሚ ድርሻ እንዲኖረውና ሲመለስ የሚሠራበት የሥራ መደብ፣ ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል አስቀድሞ እንዲታወቅ ውሉ በግልጽ ሊያሰፍር ይገባል። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ባይሆንም፣ ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ በፊት ካልተያዘ ግን ተመላሹ ባለሙያ የመጀመሪያ ዓመቱን በግዥ ደብዳቤ ሲመላለስ ማሳለፉ አይቀርም።