የቆዳ ጃኬት እርጅናና በቤታችን የተሰጠው ፍርድ

በኢሉባቦር አገር፥ ይልቁንም በጎሬ፥ በመቱና በእኛ በሁሩሙ፥ ዝናም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለሚበረታ፥ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ሁሉ ሻጋታ ያወጣል። በጎሬ በዓመት የሚዘንመው ብቻ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው። ስለዚህ የቆዳ ልብስ እንዴት እንደሚያረጅ፥ የትኛው እርጅና የተገባ፥ የትኛውም ጥፋት እንደ ሆነ በዛሬው ጽሑፋችን ለመናገር አሰብን። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ባልና ሚስትን ያጋጫል፤ በእኛም ቤት አጋጭቷል።

ከ4 ዓመት በፊት በጥር ወር፥ የቡናችንን ዋጋ ከተቀበልን በኋላ፥ ቆዳ ነው ተብሎ የተሸጠልንን አንድ ጥቁር ጃኬት ገዛን። ለበዓልና ለሰርግ ብቻ እየለበስን በሣጥን አኖርነው። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ብናወጣው ግን ጀርባው ተልጦ፥ ቅርፊቱም እየረገፈ አገኘነው። ያን ጊዜ ልጆቻችን በተቀመጡበት ባለቤታችንን፥ «በሳሙና አጥበሽው ነው፤ በፀሓይም አስጥተሽው ነው» ብለን ነቀፍናት። ምስክር አልሰማንም፤ መልሷንም አልጠበቅንም። ሥራችን የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ነውና፥ የተከሳሽን ቃል በየቀኑ በመዝገብ እናሰፍራለን፤ በቤታችን ግን ይህን ሥርዓት ረሳን።

እርስዋም 3 ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን የሟች አባታችንን አሮጌ ጃኬት ከዚያው ሣጥን አውጥታ በፊታችን ዘረጋችው። «ይህም የኖረው በዚሁ ሣጥን ነው፤ ሻጋታውንም የጠረግሁት በዚሁ እጄ፥ በዚሁ ጨርቅ ነው። ታዲያ ይህ ስለ ምን አልተላጠም?» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

አባታችን ያን ጃኬት ከአዲስ አበባ ከገዙት ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥቁሩ ቅብ በኮሌታው፥ በክርኑና በኪሱ አፍ ላይ ተፍቆ የውስጡ ቡናማ መልክ ይታያል። ቆዳው ግን እስከ ዛሬ ለስላሳ ነው፤ ስፌቱም አልተፈታም። ሁለቱን ጃኬቶች ጎን ለጎን አድርገን መመርመር የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው።

ቆዳ ከለፋ በኋላ መልክ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቀለሙን እስከ ውስጥ ድረስ ማጠጣት ሲሆን፥ ይህ አኒሊን ይባላል። የቆዳው ቀዳዳና ጠባሳ ሳይሸፈን ይታይበታል፤ ውሃ ቢንጠባጠብበት ይጠጣል፤ ፀሓይም ቶሎ ያደበዝዘዋል። የእጅና የአንገት ወዝ ሲነካው ግን እየጠቈረ ይሄዳል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግን ሰዎች ይህን በዓይናችን አይተናል። የመምህሩ የዳዊት ማኅደር ማንገቻው በትከሻ ወዝ ጠቍሮ እንደ ተወለወለ እንጨት ያበራ ነበር፤ ተበላሸ የሚል ግን አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ በቆዳው ላይ ቀጭን ቅብ ማልበስ ነው። ይህ ቅብ ውሃን ይከላከላል፤ መልኩንም አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ ነገር ግን በሚታጠፍበትና በሚተሻሽበት ስፍራ በዘመን ብዛት ይሳሳል። የአባታችን ጃኬት ከዚህ ወገን ነው። በአውሮፓ ደንብ የቅቡ ውፍረት ከ0.15 ሚሊ ሜትር ያለፈ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ቅብ ያለው ቆዳ መባል አለበት እንጂ እንዲሁ ቆዳ መባል አይገባውም። የላዩ ቅብ ቢፈቅም ሥሩ ያለው ቆዳ ደኅና ከሆነ ልብሱ አረጀ ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም።

የእኛ ጃኬት ግን ከሁለቱም አልነበረም። የተላጠውን ስፍራ አተኵረን ብናይ፥ ከሥሩ የተሸመነ ጨርቅ ተገኘ። ይህ ዓይነቱ ዕቃ በጨርቅ ላይ ፖሊዩሪቴን የተባለ ፕላስቲክ ተለብጦ የሚሠራ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት የፕላስቲኩን ውስጣዊ ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል፤ ሙቀትም ሲጨመርበት ጥፋቱ ይፋጠናል። ስለዚህ ማንም ሳይለብሰውና ሳያጥበው፥ በሣጥን እንደ ተቀመጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊላጥ ይችላል። እንደ እኛ አገር እርጥበት በበዛበት ስፍራ ደግሞ ይህ ይብሳል። እንግዲህ ጥፋቱ የዕቃው እንጂ የባለቤታችን እጅ አልነበረም።

የቡናውን ዋጋ ይዞ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው እንደ እኛ እንዳይሆን፥ ከመግዛቱ በፊት ያልተሰፋውን ወይም የተቈረጠውን ጠርዝ ይመልከት። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙና የጀርባው ፊት ጭረት ጭረት ያለው ነው፤ ሐሰተኛው ግን የጨርቅ ሽመና ይታይበታል። ክብሪት ማስጠጋት ልብሱን ይጎዳል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ለጓንትና ለልብስ በዓለም የታወቀ ነው፤ በሞጆም ብዙ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉና፥ እውነተኛውን ለሚፈልግ ሰው አገሩ ዕቃ አላጣም።

እውነተኛ ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ አያያዙን ይወቅ። በዝናም የራሰ እንደ ሆነ በእሳት አጠገብ ወይም በፀሓይ አያድርቀው፤ ሙቀት ጭረቱን አጣብቆ ያደርቀዋልና። በሰፊ መስቀያ አንጠልጥሎ በጥላ ያድርቀው። በፌስታል አስሮ አያኑረው፤ የአየሩ እርጥበት ከመቶ 70 እጅ ሲያልፍ ሻጋታ በቀላሉ ይበቅላልና። ዝናም ባቆመ ቀን ሁሉ አውጥቶ ያናፍሰው። ሻጋታ ቢያወጣ ከቤት ውጭ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፥ ቀጥሎ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ያብሰው። ላምባ፥ በረኪናና የዱቄት ሳሙና ቅቡን ያነሣሉ። ቅቤም እየሻገተ ይሸታል፤ አይጥንም ይጠራል። ለቆዳ የተሠራ ቀለም የሌለው ቅባት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በስሱ ቢቀባ ይበቃል።

ለባለቤታችን በልጆቻችን ፊት ይቅርታ ጠይቀናታል፤ የነቀፍናት በእነርሱ ፊት ነበርና። የተላጠውንም ጃኬት ጣልነው። የአባታችንን ጃኬት ግን አንድ ወዳጃችን በጫማ ቀለም እንድናጠቍረው መክሮን ነበር። ቀለሙ የሸሚዝን አንገት ከማበላሸቱ በቀር፥ በክርኑ ላይ የተፈቀው ስፍራ አባታችን በየዓመቱ በሚዛን ፊት ቆመው ቡናቸውን ሲያስመዝኑ ክርናቸውን ያሳረፉበት ነውና፥ እንዲሁ እንዲኖር ፈቀድን። በመጪው ጥር የበኵር ልጃችን ይለብሰዋል።